መኪና የሚማረው በምን ሚዛን ነው?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናወሳው ስለ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሯ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በየቀኑ የምትጻፍ፣ ከእናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ በገዛ እጃችሁ የጻፋችኋት ናት፤ ይኸውም «አመልካቹ ያቀረቡት ጥያቄ በሕጉ መሠረት ተቀባይነት አላገኘም» የምትል ናት። ይህች ቃል ከአንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በሰው እጅ በትክክል የተተረጎመች ናት እንበል። ያንኑ ደብዳቤ ደግሞ ለሁለት የትርጉም መኪናዎች ሰጠናቸው። መኪና ስንል በጎዳና የሚሽከረከረውን ማለታችን አይደለም፤ እንደ ጽሕፈት መኪና ሁሉ የሰውን ሥራ የሚያግዘውን፣ ኮምፒዩተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ የሚሠራውን ተርጓሚ ማለታችን ነው። አንደኛው መኪና «አመልካቹ ያቀረቡት ጥያቄ በሕጉ መሠረት ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው «ባለጉዳዩ ያስገቡት ማመልከቻ ሕጉ በሚለው መሠረት ውድቅ ሆኗል» ብሎ ጻፈ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ የታወቀ ነው። ሁለተኛው አነጋገሩ ቢለይም ነገሩን አልሳተም። አንደኛው ግን የተከለከለውን እንደ ተፈቀደ አድርጎ ስላቀረበ፣ በዚያ ደብዳቤ ተማምኖ ሥራ የሚጀምር ባለጉዳይ ምን እንደሚደርስበት እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ የትርጉም መኪናዎች ለብዙ ዓመታት ሲፈተኑበት የኖሩበት ሚዛን ለአንደኛው ከ100 81 ነጥብ ሲሰጠው፣ ለሁለተኛው ባዶ ይሰጠዋል።

ይህ ሚዛን ብሉ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አይ.ቢ.ኤም. በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩት ኪሾር ፓፒኔኒና ሦስት ባልደረቦቻቸው ያወጡት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። አንደኛው መኪና ከጻፋቸው 7 ቃላት 6ቱ በሰው ትርጉም ውስጥ ይገኛሉ። ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ሁለት ቃላት ብንቆጥር ከ6 ጥንዶች 5ቱ፣ ሦስት ሦስቱን ብንቆጥር ከ5ቱ 4ቱ፣ አራት አራቱን ብንቆጥር ከ4ቱ 3ቱ ይገጥማሉ። እነዚህ አራት ክፍልፋዮች ተባዝተው አራተኛ ሥራቸው ሲወጣ 0.81 ይሆናል። ሁለተኛው ግን ከ8 ቃላቱ መካከል «መሠረት» የምትለው አንዲቷ ብቻ ገጠመችለት፤ የገጠመ ጥንድ ቃል የለውም። ዜሮ የተባዛበት ሒሳብ መጨረሻው ዜሮ ነው።

ለሚዛኑ ፈጣሪዎች ፍርድ እንዳናጓድል፣ እነርሱ ይህን ያሰቡት ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ብዙ ዓረፍተ ነገር ላለው ሰፊ ጽሑፍ መሆኑን መናገር ይገባናል። መኪናው ነጥብ ለማትረፍ ሲል እያሳጠረ እንዳይጽፍም ቅጣት አበጅተውለታል። ከዚያ በፊት የአንድን መኪና ትርጉም ለመመዘን ሰዎች ተቀምጠው ሳምንታት ሙሉ ማንበብ፣ ገንዘብም መከፈል ነበረበት። ብሉ ግን በደቂቃ ውስጥ ቁጥር ስለሚሰጥ በሥራው ዓለም ሁሉ ተወደደ።

ነገሩ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ቀን ለዜና ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በመኪና የተተረጎመ ወረቀት ቀረበልኝ። ሁለቱ ወገኖች «ተስማሙ» የሚለውን ይዤ ወደ ማይክሮፎኑ ስቀርብ፣ እንደ ልማዴ ከእንግሊዝኛው ጋራ ባስተያየው «አልተስማሙም» የሚል ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ጽሑፍ እንከን የሌለበት ስለ ነበረ ዓይኔ ምንም አልጠረጠረም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መኪና ተማረ ሲባል ምን ማለት ነው? በመኪናው ውስጥ ክብደት የሚባሉ ብዙ ቁጥሮች አሉ። ምሳሌ ይቀርብለትና መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ከትክክለኛው ምን ያህል እንደ ራቀ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ይህን ቁጥር የጥፋት መጠን እንበለው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክብደት በጥቂቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይነቀሳቀስና ጥፋቱ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ይህም እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። ሁኔታው ዓይነ ስውር ሰው በበትሩ መሬቱን እየዳሰሰ ከተራራ ወደ ሸለቆ እንደሚወርደው ያለ ነው፤ ሸለቆውን አያየውም፤ ነገር ግን ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ወዴት እንደሚያዘነብል ስለሚያውቅ ይወርዳል።

እንደዚህ ለመውረድ ግን መሬቱ ማዘንበል አለበት። እንደ ብሉ ያሉት የፈተና ሚዛኖች ተዳፋት ሳይሆኑ እርከን ናቸው። አንዱን ክብደት በጥቂቱ ብትነኩት መኪናው የሚጽፈው ቃል አይለወጥም፤ ቃሉ ካልተለወጠ ነጥቡም አይለወጥም። ብትጨምሩበትም ያው ነው። ከዚያ በድንገት አንዲት ቃል ትለወጥና ነጥቡ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። በእርከን ሜዳ ላይ የቆመው ዓይነ ስውር በትሩን በየትም አቅጣጫ ቢዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ብቻ ስለሚያገኝ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ተዳፋት ያለው ሌላ ሚዛን በምትክ ያቀርቡለታል። ለትርጉም መኪና የተለመደው ምትክ፣ ሰው የጻፋትን እያንዳንዷን ቃል በተራዋ ምን ያህል አስቀድሞ እንደ ገመተ መለካት ነው። ይህ ከብሉ ጋራ ዝምድና አለው፤ አንድ ግን አይደለም። አንዱ መምህር ዜማ እያስተማረው ሌላው መምህር በቅኔ የሚፈትነውን ተማሪ ይመስላል። ዜማውን አሳምሮ ቢያውቅም በፈተናው ቀን የሚጠየቀው ሌላ ነው።

ልዩነቱ ከትርጉም ሌላም በብዙ ሥራ ይታያል። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት 1000 ደብዳቤዎች ገብተው 10ሩ ብቻ አስቸኳይ ናቸው እንበል። አንዱ መኪና ምንም ሳይደክም «አስቸኳይ የለም» ቢል በ990ው ልክ ነው። ሌላው መኪና 20 ደብዳቤዎች ለይቶ ቢያወጣና ከእነርሱ 8ቱ በእርግጥ አስቸኳይ ቢሆኑ፣ 12ቱን ያለ አግባብ መርጧል፣ 2ቱንም አሳልፏል፤ ስለዚህ ልክ የሆነው በ986 ብቻ ነው። ስሕተት እየቆጠረ የሚማር መኪና ሰነፉን ይመርጣል ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ሹም ግን ሰነፉን መኪና አንድ ቀን አያቆየውም።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚስማማ ኤፍ የሚባል ሚዛን አለ፤ መሠረቱም ኪት ቫን ራይስበርገን የተባሉት ምሁር በ1979 ስለ ሰነድ ፍለጋ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በትክክል የተያዙትን በ2 አባዝቶ፣ መኪናው የመረጣቸውና በእርግጥ አስቸኳይ የነበሩት ተደምረው ለሚሰጡት ቁጥር ያካፍላል። ለሰነፉ ዜሮ ሲሆን፣ ለሁለተኛው 16 ለ30 ተካፍሎ 0.53 ይደርሳል። ችግሩ ይህ ሚዛን በነጠላ ደብዳቤ የማይከፋፈል መሆኑ ነው። ይህ መኪና አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ያለ አግባብ ቢመርጥ ነጥቡ ከ0.53 ወደ 0.52 ብቻ ይወርዳል። 8ቱን ብቻ ያለ ስሕተት የመረጠ መኪና ግን ያንኑ አንድ ስሕተት ቢጨምር ከ0.89 ወደ 0.84 ይወድቃል። የአንዱ ደብዳቤ ዋጋ በሌሎቹ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አንድ በአንድ እያረሙ ማስተማር አልተቻለም።

በ2005 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶርስተን ዮአኪምስ ይህን ቋጠሮ የፈቱበት ዘዴ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሺውን ደብዳቤ እንደ ሺህ ጥያቄ መቁጠር ትተው እንደ አንድ ጥያቄ፣ የሺውንም መልስ እንደ አንድ መልስ ወሰዱት። መኪናው ትክክለኛውን የመልስ ዝርዝር ከተሳሳቱት ዝርዝሮች ሁሉ አብልጦ እንዲያይ፣ ብልጫውም እንደየስሕተቱ ክብደት እንዲሰፋ አዘዙት። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ ለ1000 ደብዳቤዎች ሊሰጡ የሚችሉት የመልስ ዝርዝሮች ብዛት 302 አኃዝ ባለው ቁጥር የሚጻፍ ነው። ነገር ግን የኤፍ ነጥብ የሚታወቀው ከአስቸኳዮቹ ስንቱ እንደ ተያዘና ከሌሎቹ ስንቱ በስሕተት እንደ ተመረጠ ሲታወቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከ0 እስከ 10፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ 990 ስለ ሆነ፣ የሚመረመሩት ሁኔታዎች 11 በ991 ተባዝቶ 10901 ብቻ ይሆናሉ። ይህ ለኮምፒዩተር የቁርስ ያህል እንኳ አይደለም።

በትርጉምም በኩል መንገዱ ቀደም ብሎ፣ በ2003 ተከፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጀርመናዊው ፍራንዝ ዮሴፍ ኦክ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ በሚተረጉም መኪና ላይ ሠሩ። የዚያ ዘመን መኪና ጥቂት ዳኞች የተቀመጡበት ሸንጎ ይመስል ነበር። አንዱ ዳኛ ቃላቱ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋራ መስማማታቸውን፣ ሌላው አነጋገሩ ለጆሮ የቀና መሆኑን፣ ሌላው ርዝመቱን ያያል፤ የእያንዳንዱ ዳኛ ድምፅ ምን ያህል ይመዝን የሚለው በክብደት ይወሰናል። ኦክ የሌሎቹን ክብደት ሁሉ እንደ ነበረ ትተው አንዱን ብቻ ከታች ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉ፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር የቀረበው እያንዳንዱ አማራጭ ትርጉም ነጥቡ በቀጥታ መሥመር ይለወጣል። ከመሥመሮቹ በላይ ያለው አሸናፊ ነው፤ አሸናፊውም የሚለወጠው ሁለት መሥመሮች በሚተላለፉበት ቦታ ብቻ ነው። እንግዲያው እነዚያን የመተላለፊያ ቦታዎች ከዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ሰብስቦ በመካከላቸው ያለውን የብሉ ነጥብ መቁጠር ይበቃል። እርከኑን በበትር መዳሰስ ቀርቶ እርከኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚሻለውን መምረጥ ማለት ነው። በተለያዩ ሚዛኖች እየሞከሩም መኪናው በሠለጠነበት ሚዛን ሲፈተን የተሻለ ነጥብ እንደሚያገኝ አሳዩ። ኦክ በኋላ ወደ ጉግል ኩባንያ ሄደው የትርጉሙን ሥራ መሩ።

ይህ ዘዴ ክብደቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ያገለግላል። ከ2014 ወዲህ የተነሡት መኪናዎች ግን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ክብደት ስላላቸው አንድ በአንድ መቁጠር የማይታሰብ ሆነ። ለእነርሱ የተገኘው መንገድ ሮናልድ ዊልያምስ በ1992 ከጻፉት ሐሳብ የመነጨ ነው። መኪናው ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትርጉሞችን በዕጣ እያወጣ ይጽፋል፤ ሚዛኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው ወደፊት የመውጣት ዕድሉ እንዲጨምር፣ ዝቅ ያለው እንዲቀንስ ይደረጋል። መምህሩ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ አይነግርም፤ ነጥቡን ብቻ ጽፎ ደብተሩን ይመልሳል። በዚህ ዓይነት መንገድ በ2016 በቻይና የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካም የፌስቡክ ኩባንያ ምሁራን የብሉን ነጥብ ከፍ ለማድረግ ቻሉ።

እንግዲህ ተማሪው በሚፈተንበት ነገር ሊማር በቃ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር።

በዚያው በ2016 የጉግል ባለሙያዎች ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚተረጉመውን አዲሱን መኪናቸውን በመጀመሪያ በተለመደው ምትክ ሚዛን አሠለጠኑት፤ ቀጥለውም የብሉ ዘመድ በሆነ ሚዛን በነጥብ ብቻ አረሙት። የብሉ ነጥቡ ከ39 ገደማ ወደ 40 ገደማ ከፍ አለ። በዚህ ሙያ አንድ ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ትርጉሞች ለሰዎች አስነብበው ሲያስመዝኑ፣ ሰዎቹ የጨመረ ነገር አላዩም። ባለሙያዎቹም ይህን ሳይደብቁ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። በ2017 ደግሞ ሴልስፎርስ በተባለው ኩባንያ የጋዜጣ ጽሑፍ የሚያሳጥር መኪና ላይ የተሠራው ሥራ ከዚህ የባሰ አሳየ። በመፈተኛው ሚዛን ብቻ የሠለጠነው መኪና ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ሲያገኝ፣ አንባቢዎች ግን ጽሑፉን ለማንበብ ከሁሉ የማይመች አሉት። የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሁለቱን ሚዛኖች አደባልቆ የተማረው ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ መጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ሚዛን ለፈተና ብቻ ሲያገለግል ጉድለቱ አንዱን ተማሪ ይጠቅማል፣ ሌላውን ይጎዳል፣ በብዛት ሲታይ ይቻቻላል። ያው ሚዛን መምህር ሲሆን ግን መኪናው ጉድለቱን ፈልጎ ያገኘዋል፤ መውጫውን አግኝቶ ነጥብ ከሰበሰበበት፣ ነጥቡ ያደፋፍረዋል። መኪናው ተንኮል አያውቅም፤ የታዘዘውን ያለ ርኅራኄ የሚፈጽም ሎሌ ነው። «አላገኘም» እና «አግኝቷል» በሚዛኑ ዘንድ ከአንዲት ቃል በላይ ልዩነት ከሌላቸው፣ በመኪናውም ዘንድ ከዚያ በላይ ልዩነት አይኖራቸውም።

ለአማርኛ ደግሞ ይህ ጉዳይ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ጉግል አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ጋራ የጨመረው በየካቲት 2016 ነው። እንግሊዝኛ በ5 ቃላት የሚናገረውን እኛ «አልነገርናቸውም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ አድራጊው፣ ተደራጊው፣ አሉታውም በዚያች ቃል ውስጥ ተሸክፈዋል። መኪና በእንግሊዝኛው ተደራጊውን ብቻ ቢስት ከ5 ቃላት 4ቱ ይቆጠሩለታል፤ በአማርኛ «አልነገርነውም» ብሎ ቢጽፍ ግን አንድም አይቆጠርለትም። በቃል ቁጥር የሚማር መኪና ሊጨርስ ለቀረበውና ፈጽሞ ላልጀመረው እኩል ይቀጣል ማለት ነው። ማያ ፖፖቪች በ2015 ቃላትን ሳይሆን ተከታታይ ፊደላትን የሚቆጥር ሚዛን ያቀረቡት እንደዚህ ላሉት ቋንቋዎች የሚረዳ ነው፤ ሜታ የተባለውም ኩባንያ በ2022 አማርኛን ጨምሮ ለ200 ቋንቋዎች ያዘጋጀውን የትርጉም መኪና ሲመዝን ከዚህ ሚዛን የተገኘውን ተጠቅሟል።

በእኔ አስተያየት ይህም ቢሆን የእኛን ፊደል ጠባይ ሙሉ በሙሉ አልጨበጠም። «ደረሰ» እና «ደርሷል» የአንድ ግሥ ልጆች ሲሆኑ፣ ፊደል በፊደል ቢቆጠሩ የሚገናኙት በ«ደ» ብቻ ነው፤ ረ ወደ ር፣ ሰ ወደ ሷ ስለ ተለወጡ ቆጣሪው ባዕድ ያደርጋቸዋል። በሌላ በኩል «ነገርናቸው» የሚለው ቃል ከ«አልነገርናቸውም» ጋራ በ6 ፊደላት ይገጥማል፤ ትርጉሙ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

የቅርብ ጊዜው መንገድ ሚዛኑን ራሱን ከሰው ፍርድ ማስተማር ነው። በ2020 ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ሰዎች ከሁለት አጫጭር ጽሑፎች የሚሻላቸውን እንዲመርጡ አድርገው፣ ከዚያ ምርጫ የሚማር ዳኛ መኪና አበጁ፤ ጸሐፊውንም መኪና በዳኛው ነጥብ አሠለጠኑት። በጥቂቱ ሲሠለጥን ሰዎች ወደዱለት። ያለ ልክ ሲሠለጥን ግን የዳኛው ነጥብ እየወጣ፣ የሰዎቹ ምርጫ እየወረደ ሄደ። ስለዚህ ጸሐፊው ከመነሻው እጅግ እንዳይርቅ የሚይዘው ልጓም ይጨመርለታል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ የትርጉም መኪና ቀርቦ «ይህን ያህል ነጥብ አለው» ብትባሉ፣ ነጥቡ በየትኛው ሚዛን እንደ ተሰጠ፣ መኪናውም በዚያው ሚዛን ሠልጥኖ እንደ ሆነ ጠይቁ። ከዚያም ከመዝገብ ቤት 20 ያለፉ ደብዳቤዎች አውጡ፤ 10ሩ የፈቀዱ፣ 10ሩ የከለከሉ ይሁኑ፤ ስምና አድራሻው ይሰረዝ። ተርጉሞ ሲመልስላችሁ አማርኛው ያማረ መሆኑን ለጊዜው ተዉትና የእያንዳንዱን ደብዳቤ የመጨረሻ ግሥ ብቻ በቀይ እርሳስ እያከበባችሁ፣ ስንቱ ክልከላ ክልከላ ሆኖ እንደ ተመለሰ ቁጠሩ። ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም።